ጎንደር የሊግ ውድድር እንድታስተናግድ የጎደላት ወንበር ነው ወይስ ሜዳ?

የማራኪ ልጅ፦

ሰላም ወገን። የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ደጋፊው እዚሁ ጎንደር ፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ ያየው የሊግ ጨዋታ አልነበረም። ያ ዓመት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መዞር የጀመረበት ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ጎንደር አልነበረችበትም። አጼዎቹ (ፋሲል ከነማ) በ2014 መግቢያ በቻምፒየንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላል የተቀበሉትም ባሕር ዳር ላይ ነው።

ከተማችን ደግሞ ወደ ደቡብ ተለጥጣለች። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ግንባታው አገናኝቶታል፣ ወደ ጠዳ አቅጣጫም እየገፋ ነው። ስታዲየም በተነሳ ቁጥር ወሬው ጣሪያና የወንበር ብዛት ላይ ይቀራል። ሙያው ያላችሁ በቁጥር ንገሩን። አንድ ከተማ ውድድር ለማስተናገድ በመጀመሪያ ምን መሥራት አለበት? አዘዞ ላይ ሜዳ ቢሠራስ ምን ያጋጥመናል?

ሜዳ ጠባቂ፦

ወንበሩን ለጊዜው እንተወውና ከሳሩ እንጀምር። ሊጉ 16 ክለብ አለው ብለን ብናሰላ አንድ ሳምንት ማለት 8 ጨዋታ ነው። ውድድሩ በአንድ ከተማ ከሆነ ስምንቱም አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ በቀን ሁለት ሁለት ቢደረግ በ4 ቀን ያልቃሉ። ማሟሟቂያው ሲጨመር በአንድ ጨዋታ 2 ሰዓት ያህል ታኬታ ሳሩ ላይ አለ። በሳምንት 16 ሰዓት መሆኑ ነው። በደንብ የተያዘ የተፈጥሮ ሳር ሳይጎዳ የሚሸከመው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። በየቦታው የምናየው ሜዳ በውድድሩ ሦስተኛ ሳምንት ጎል አፍ ላይ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው እንጂ ሳሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ትልቁ ነገር ግን ልምምዱ ነው። 16 ክለብ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ሰዓት ተኩል ቢለማመድ 120 ሰዓት ይመጣል። ይህን በተፈጥሮ ሳር ብቻ ልሸከም ብትል፣ ለአንዱ ሜዳ 8 ሰዓት ይዘህ 15 ሜዳ ያስፈልግሃል። ሰው ሰራሽ ሳር በሳምንት 40 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚችል 3 ይበቃል። ስለዚህ መልሴ፦ ፋሲለደስ ስታዲየም ለጨዋታ ብቻ ይቆይ፣ ከውጭ ደግሞ ቢያንስ 3 ሰው ሰራሽና 2 የተፈጥሮ ሳር የልምምድ ሜዳ ይሠራ። እነዚህ ሳይኖሩ ወንበር ብትደረድር ክለቦቹ ልምምድ የሚሠሩት ራሱ የጨዋታው ሜዳ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሜዳው አለቀ።

አጼ ደጋፊ፦

ሐሳብህ ገብቶኛል ሜዳ ጠባቂ፣ ግን ወንበሩን እንዲህ አታቅልለው። 20,000 ሰው ይይዛል የምንለው ስታዲየም አብዛኛው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ለአህጉራዊ ጨዋታ ነጠላና ቁጥር ያለው ወንበር ይፈልጋል። የመልበሻ ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ ሁሉ ይታያል። ዋሊያዎቹ (ብሔራዊ ቡድናችን) በኅዳር 2014 ጋናን ጆሃንስበርግ ሄደው የተቀበሉት አገር ውስጥ የተፈቀደ ስታዲየም ስላልነበረ ነው። ይህ ቁስል ለማንም የተሠወረ አይደለም።

ሜዳ ጠባቂ፦

እውነት ነው። እኔ ግን የምለው የካፍና የሊጉ መስፈርት ሁለት የተለያየ ደረጃ ነው። ሊጉን ወደ ጎንደር ማምጣት ቅርብ ነው። ካፍ ሩቅ ነው። ቅርቡን ሳንይዝ ሩቁን አንሩጥ።

አፈር መርማሪ፦

ስለ አዘዞ የተጠየቀውን ልመልስ። የአዘዞ ሜዳማው መሬት በብዛት ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መጋቢት ላይ ያልታረሰ ዋልካ ላይ ብትቆም እጅህን እስከ ክንድህ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛለህ፣ ጥልቀቱም ከ1 ሜትር ያልፋል። በዚህ አፈር ላይ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) አፍስሶ የሰው ሰራሽ ሳሩን ምንጣፍ መዘርጋት ማለት በሁለት ክረምት ውስጥ ሜዳውን እንደ ማዕበል ማድረግ ነው። ጥፋቱ ቶሎ አይታይም። ኳሷ ትንሽ ስታነጥር፣ ከዚያ አንዱ ጥግ ውሃ ሲቋጥር፣ ከዚያ የምንጣፉ ስፌት ሲከፈት ነው የሚታወቀው።

መፍትሔው ዋልካውን ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቆፍሮ ማውጣትና በተመረጠ ገረጋንቲ መተካት ነው። የሜዳውን ዳር ጨምረን 120 በ80 ሜትር እንያዝ፣ 9,600 ካሬ ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ብቻ ብንቆፍር 5,760 ሜትር ኩብ ይወጣል፣ ያንኑ ያህል ይገባል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ለመውጫ ብቻ 360 ጊዜ ይመላለሳል። አፈሩ ከተቆፈረ በኋላ ስለሚነፋ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ገረጋንቲው በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተረጨና እየተዳመጠ፣ እያንዳንዱ ንብርብር በላቦራቶሪ 95 ከመቶ ጥግግት ማለፉ እየታየ ይሞላል። አንድ ሜትር ባንድ ጊዜ አፍስሶ ከላይ ብቻ ሮለር ማስኬድ የተለመደ ስህተት ነው። የሮለሩ ጉልበት ታች አይደርስም።

ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ ዋልካው ይቀንሳል፣ ግን ሜዳውን ለማስተካከል ግማሹን ትቆርጣለህ ግማሹን ትሞላለህ። የተሞላው ወገን ይወርዳል፣ የተቆረጠው ባለበት ይቆያል፣ መስመሩ መሐል ሜዳ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ሙሌቱን አንድ ክረምት አሳልፎ ማስተኛት ብልህነት ነው።

የአዘዞዋ፦

አፈር መርማሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንደዚህ ሲብራራ ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰፈር ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ እኛ በመዋጮ ብናስተካክል 360 ሲኖትራክ ከየት ይመጣል? ትንሽ ወጪ ያለው መንገድ የለም?

አፈር መርማሪ፦

አለ እህቴ። ለሰፈር ሜዳ ዋልካውን አታውጡት፣ ውሃውን አስወጡት። ሜዳውን እንደ ቤት ጣሪያ ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ 1 ከመቶ አዘንብሉት። ስፋቱ 68 ከሆነ ከመሐል እስከ ዳር 34 ሜትር ነው፣ ስለዚህ መሐሉ ከዳሩ በ34 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ተጫዋች አይታወቀውም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። በሁለቱም ዳር ክፍት ቦይ ቆፍሩ፣ ቦዩም መውጫ ይኑረው። አዘዞ ሜዳማ ስለሆነ መውጫው ነው የሚያስቸግረው። ከመቆፈራችሁ በፊት ቦዩ የሚፈስበትን ዝቅተኛ ቦታ በውሃ ልክ ወይም በቱቦ ለኩ፣ ከቦዩ ታች ዝቅ ካላለ ኩሬ ነው የምትቆፍሩት። ሳሩንም ሰርዶ አድርጉት፣ ዋልካ ላይ የሚቆየው እሱ ነው።

ሜዳ ጠባቂ፦

ስለ ሰርዶ ልጨምር፣ ሰው ሲንቀው አዝናለሁ። በዓለም ላይ ስንት ስታዲየም የለበሰው የዚሁ የሰርዶ ዘር ነው። ቀን ሞቅ ሲል ይበረታል፣ ሥሩ ከመሬት በላይም በታችም ይሄዳል፣ ታኬታ ሲቦጭቀው ራሱን ይሞላል። የጎንደር ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል፣ አይሞትም። ውድድር በነዚህ ወራት ከመጣ የተቦጨቀው ቦታ ቶሎ አይመለስምና ያ ታሳቢ ይሁን። ኪኩዩ የሚባለው ሳር ብርዱን የተሻለ ይችላል፣ ግን እየተደራረበ ፍራሽ ይሠራል፣ ኳስ ያዘገያል፣ ውሃም ይይዛል።

አተካከሉ፦ ሰኔ ውስጥ ዝናቡ ሲጠነክር፣ የሰርዶውን ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆራርጦ በ25 ሳንቲ ሜትር መስመር መቅበር፣ ጫፉ ብቻ ይታይ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይሸፍናል። የአጨዳ ቁመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ዝናብ ቀርቶ ሳሩ ከረዘመ በኋላ ባንዴ ወደ 25 ማውረድ ሳሩን ነጭ ያደርገዋል። ማዳበሪያ፦ ለካሬ ሜትር በወር 3 ግራም ናይትሮጅን ብንይዝ ለ9,600 ካሬ 63 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ነው። ለሁለት ከፍሎ በ15 ቀን ልዩነት በትኖ ወዲያው ማጠጣት ነው። ያልተጠጣ ዩሪያ ሳሩን ያቃጥላል።

ከጨዋታ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ተነቅሎ የወጣው ሳር ሳይደርቅ በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ተመልሶ በእግር ይጫን። ጎል አፍ ላይ በሹካ 10 ሳንቲ ሜትር ወግቶ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያ ንጹህ አሸዋ ወደ ቀዳዳዎቹ ጠርጎ ማስገባት ያስፈልጋል። መገልበጥ አይደለም፣ ማናፈስ ነው። ከሜዳው አጠገብም 100 ካሬ ሜትር የምትሆን የሳር መደብ ትኑር፤ ያው ሳር፣ ያው አፈር። ጎል አፍ ሲገለጥ ከዚያ ቆርጦ ማልበስ ይቻላል። ይህች መደብ የሌላት ስታዲየም ሁልጊዜ ትቸገራለች።

የማራኪ ልጅ፦

ውሃውስ? አንገረብ ግድብ በደለል አቅሙ መቀነሱን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ለመጠጥ በተራ እያገኘ ሳር ይጠጣ ማለት ከባድ ነው።

ቧንቧና ሞተር፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ከከተማው መስመር መጥለፍ አይገባም። ልኩን እንየው። በበጋ ሜዳው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። 9,600 ካሬ በ5 ሚሊ ሲባዛ 48,000 ሊትር ነው፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በቀን አምስት ጊዜ መሆኑ ነው። በቦቴ አይዘለቅም።

ጣሪያ ይሠራ የሚሉም ውሃ ይሰበስባል ይላሉ። መቶ ሜትር ርዝመት በ12 ሜትር ስፋት ጣሪያ 1,200 ካሬ ነው። የጎንደር የዓመት ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከመቶው 80 ቢያዝ 1,056 ሜትር ኩብ። ይህ 22 ቀን ያጠጣል፣ ያውም ያን ሁሉ የሚይዝ ገንዳ ከተሠራ። ደጋፊ ነው እንጂ መሠረት አይሆንም። መሠረቱ የራስ ጉድጓድ ነው። በሰከንድ 2 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በ8 ሰዓት 57,600 ሊትር ያወጣል፣ ሜዳውን ይበቃል። መጀመሪያ ግን የፓምፕ ሙከራው ቢያንስ 24 ሰዓት ይደረግ፤ የሁለት ሰዓት ሙከራ ያስደሰተ ጉድጓድ መጋቢት ላይ ሲደርቅ ይገኛል። በጉድጓዱና በሜዳው መካከል 100 ሜትር ኩብ ገንዳ ይኑር፣ መብራት ሲጠፋ ሁለት ቀን ይይዛል። ሳሩ የሚጠጣውም ሌሊት ወይም ማለዳ ነው። ቀትር ላይ ማጠጣት ውሃውን ለፀሐይ መስጠት ነው።

ሽቦና አምፖል፦

እንዲህ ነው ጋሼ፣ ያኔ ቁጥሩ ሁሉን ይናገራል። ስለ ፓውዛ እኔ ልቀጥል። በፊፋ የቀድሞ የስታዲየም መመሪያ ለልምምድ 200 ሉክስ (ሉክስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለሊግና ለክለብ ጨዋታ 500፣ ለአገር አቀፍ ጨዋታ ያለ ቴሌቪዥን 750 ሉክስ ነበር። በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ለልምምድ ሜዳ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 7,140 ካሬ (105 በ68) በ200 ሉክስ 1.43 ሚሊዮን ሉመን (የጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) ሜዳው ላይ መድረስ አለበት። ከአምፖሉ የሚወጣው ግማሹ ነው ሜዳ የሚያገኘው፣ አቧራና እርጅና ደግሞ ሌላ 20 ከመቶ ይወስዳል። 3.6 ሚሊዮን ሉመን ገደማ ያስፈልጋል። በዋት 130 ሉመን በሚሰጥ ኤልኢዲ ወደ 27.5 ኪሎዋት። ለ750 ሉክስ በዚሁ ስሌት ወደ 100 ኪሎዋት።

ጀኔሬተር ሲገዛ አንድ ነገር ይረሳል። ከፍታ። 2,100 ሜትር ላይ አየሩ ቀጭን ነው፣ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ከሚጻፍበት አቅም 15 እስከ 20 ከመቶ ያጣል። 100 ኪሎዋት ለመንዳት 125 ኬቪኤ (ጀኔሬተር የሚሸጥበት የአቅም መለኪያ) ብሎ መግዛት ስህተት ነው፣ ቢያንስ 160 ይያዝ። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ እስኪነሳ 10 ሰከንድ ይፈጃል፣ የኤልኢዲ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፣ ወዲያው ይበራል። የድሮዎቹ ሜታል ሃላይድ አምፖሎች ግን ከጠፉ በኋላ ቀዝቅዘው እስኪበሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃሉ።

ለአዘዞ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው አካባቢ ነው። የፓውዛ ምሰሶ ከ30 እስከ 45 ሜትር ይደርሳል። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላን በሚያስተናግድ መንደርደሪያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር እንቅፋት ነው፣ በመንደርደሪያው ጫፎች አቅጣጫ ደግሞ ገደቡ ከዚህም ይጠብቃል። የሚለካው ከማረፊያው ከፍታ ነው እንጂ ከምሰሶው ሥር አይደለም። ሜዳው ከማረፊያው 20 ሜትር ከፍ ካለ 25 ሜትር ምሰሶ ብቻ ነው የቀረህ። አጭር ምሰሶ ደግሞ መብራቱን አግድም ይልከዋል፣ በረኛ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የሚያርፍ አብራሪንም ያስቸግራል። መሬቱ ከመመረጡ በፊት ለሲቪል አቪዬሽን ይጻፍ።

የአዘዞዋ፦

ይህንን ማንም አስቦት አያውቅም ነበር! ሰው ሰራሹ ሳር ግን ከተዘረጋ በኋላ ዝም ተብሎ የሚቀመጥ ነው ወይ? «እንክብካቤ አይፈልግም» ሲባል እሰማለሁ።

ሜዳ ጠባቂ፦

ይህ አባባል ነው ሜዳ የሚገድለው። 60 ሚሊ ሜትር ፀጉር ያለው ምንጣፍ ውስጥ ለካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ አሸዋና ከ10 እስከ 15 ኪሎ የጎማ ፍርፋሪ አለ። ለ8,000 ካሬ ከ80 እስከ 120 ቶን ጎማ ማለት ነው። ፍርፋሪው በጨዋታ ወደ ዳር ይሸሻል፣ በክረምት ጎርፍ ወደ ቦይ ይሄዳል። የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብና የማዕዘን ምት ቦታ ቶሎ ይራቆታል፣ ፀጉሩ ይተኛል፣ ከዚያ ይሰበራል። በሳምንት አንዴ በብሩሽ መጎተት፣ በየሳምንቱ እነዚህን ቦታዎች በጣት እየለኩ ፍርፋሪ መጨመር ግድ ነው። ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሲሚንቶ ጠርዝ ይኑረው፣ ጎማው እንዳይሸሽ፣ ከውጭም አቧራና ዋልካ እንዳይገባ። ጭቃ ይዞ የገባ ጫማ ምንጣፉን ከታች ይደፍነዋል። በሚገባ ቢያዝ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ካልተያዘ ግማሹን። ለመተኪያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ካልተቀመጠ፣ አሮጌ ምንጣፍ ላይ የጉልበት ጉዳት እየቆጠርን እንቀመጣለን።

በር ቆጣሪ፦

አጼ ደጋፊ ስለ ወንበር ስላነሳ፣ ከወንበሩ በፊት በሩን ልቁጠር። በእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት ስሌት አንድ የመግቢያ መሽከርከሪያ በሰዓት 660 ሰው ነው የሚያስገባው። 20,000 ሰው በአንድ ሰዓት ለማስገባት 31 መግቢያ። ለመውጫ ደግሞ ደልዳላ መሬት ላይ 1 ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ያሳልፋል፣ ደረጃ ላይ 66። በ8 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ከመቀመጫው ወደ ነጻ መተላለፊያ ይውጣ ከተባለ፣ ደልዳላ ከሆነ ወደ 30 ሜትር፣ ደረጃ ከሆነ ወደ 38 ሜትር የተደመረ ስፋት ያስፈልጋል። አራት በር ቢኖሩና እያንዳንዱ 4 ሜትር ቢሆን 16 ሜትር ነው፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ፋሲል ሲያሸንፍ ሕዝቡ እንዴት እንደሚወጣ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። አንድ በር ላይ ሰንሰለት ተረስቶ ከተቆለፈ ሰው ያልቃል። በጨዋታ ቀን በየመውጫው በር ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ይቁም፣ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም።

አጼ ደጋፊ፦

ይህን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። የበሩን ጉዳይ ከወንበሩ ማስቀደም ይገባል፣ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላክል፦ የውድድር መርሐ ግብር ሲወጣ ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር ባዶ ይደረግ። በጥምቀት ሆቴልም ፖሊስም አምቡላንስም አይገኝም።

የማራኪ ልጅ፦

አዲስ ሜዳ ሲሠራ አቅጣጫውስ? አሁን ብዙ ቦታ መሬቱ እንደተገኘ ነው የሚሠራው።

ሜዳ ጠባቂ፦

ጎል ከጎል ሰሜንና ደቡብ። ካልሆነ ከሰዓት በኋላ አንዱ በረኛ ፀሐይ እያየ ይጫወታል። ዋናው ትሪቡንና ካሜራው በምዕራብ በኩል ይሁን፣ የከሰዓት ፀሐይ ከኋላቸው ትሆናለች። የመሮጫ መም ከተጨመረ ተመልካቹ ከሜዳው ይርቃል፣ ቦታም ይበላል፤ ለአትሌቲክስ ለብቻው ሌላ ቦታ ቢፈለግ እመርጣለሁ።

የአዘዞዋ፦

እኛ በሰፈራችን ከየት እንጀምር? ኮሚቴ አቋቁመናል፣ መሬቱም አለ።

አፈር መርማሪ፦

ሁለት ጊዜ ቆፍሩ። አንዴ ሚያዝያ መጨረሻ፣ አንዴ ነሐሴ አጋማሽ። በአራቱ ጥግና በመሐል አምስት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት፣ ሰው ሊወርድበት የሚችል፣ ማታ ማታ ልጅና ከብት እንዳይገባበት በእንጨት የሚከደን። ሚያዝያ ላይ ዋልካው የት ድረስ እንደሚወርድና ስንጥቁ የት እንደሚያበቃ በሜትር ለኩ። ነሐሴ ላይ ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ፣ ከዝናብ በኋላም በስንት ቀን እንደጎደለ በየጠዋቱ ጻፉ። ለቦዩና ለጎል አፍ የምታመጡትን አሸዋ ደግሞ ከሲኖትራኩ ላይ ሳይራገፍ ፈትሹት፦ በአንድ ሊትር ማሰሮ ሲሶውን አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ በደንብ ነቅንቃችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው ቁመት ከአሥር አንድ ካለፈ መልሱት። ቁጥሮቹን እዚህ ክር ላይ ለጥፉልን፣ የቦዩን ጥልቀት ከዚያ ተነስተን እናሰላለን።